ለሙኒራ፣ ስለ ቀይዋ መብራት

ሙንዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ብርሃንም ያድርግልሽ። ከተለየሽን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ጽፌ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ስንተጫጭ አንቺ ሁለት ሁለት ገጽ እየሞላሽ ስትልኪልኝ እኔ መልሱን በሰው አፍ ነበር የምሰድልሽ፤ እጄ ዘይት ነው፣ ወረቀቱን አበላሸዋለሁ እያልኩ። ስንፍናዬ መሆኑን ስለምታውቂ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬም እጄ ዘይት ነው፤ ወረቀቱም ተበላሽቷል፤ ግን እየጻፍኩ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ከአጥራችን ጀርባ የነበረው ባዶ ቦታ ላይ አራት ፎቅ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚባል ነገር ግቢያችን አይገባም። ልብስ የምታሰጪበትን ገመድ ወደ በሩ በኩል አዙረነዋል። ወደኛ ቤት የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ በክረምት ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ የምትሻገሪው ጭቃ የለም። ልጃችን ሂክማ ትምህርቷን ጨርሳ ቤቴል አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥራለች። አንቺ ትስቢው የነበረውን የአስም መድኃኒት ሊገዛ ሰው ሲመጣ ለባልደረባዋ ትታ ወደ ጓዳ እንደምትገባ አንድ ቀን ነግራኛለች፤ ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። ወጡን ተራ በተራ እንሠራለን። የኔው ጨው ይበዛዋል። የሷው ያንቺን ይመስላል፤ ያንቺን የሚመስል ቀን ብዙ አልበላም።

ጣውንትሽም አለች። ፒካፗን ጣውንቴ እያልሽ ስትጠሪያት ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ከኔ ጋር ከምታሳልፈው ከሷ ሥር ተኝተህ የምታሳልፈው ይበልጣል ትይኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጣውንትሽ ካንቺ የባሰ ችላ የተባለች ነበረች። ቀኑን ሙሉ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ስፈታና ስገጥም እየዋልኩ የራሴን ነገ እያልኩ ዓመት አሳለፍኩ።

ይህን የምጽፈው ላንቺ ነው፤ የሚያነበው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው። ሂክማ በስልኳ ጽፋ የሰፈራችን ቴሌግራም ላይ ታወጣዋለች። ያዘዘችኝ እሷ ናት፤ ልክም ናት።

ጭሱን ታስታውሺያለሽ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳሞቅ ሰማያዊ ጭስ በመስኮት ይገባብሽ ነበር። ሻርፕሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ብቅ ትይና፣ ሸምሱ፣ ይቺን ነገር ሥራት፣ ትንፋሼን ወሰደችው እኮ ትይኛለሽ። ሞተሩ አርጅቶ ዘይት እየበላ ነበር። መውረድ፣ መፈታት፣ ከውስጥ መታደስ ነበረበት። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ሁለት ሳምንት ነበረኝ፣ ለቤቴ ግን አልነበረኝም።

ጋራዥ ውስጥ ማስታገሻ የምንላት ነገር አለች። መኪናውን አራግፎ መሸጥ የፈለገ ሰው ሲመጣ ሞተሩ ውስጥ የካምቢዮ ወፍራም ዘይት ቀላቅለን እንጨምርበታለን። ጭሱ ለጥቂት ሳምንት ድራሹ ይጠፋል፤ ሞተሩ ግን አልዳነም። በሽታው የሚመለሰው ገዢው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ይህን የማላውቀውን ሰው የማታልልበትን ነገር አምጥቼ ላንቺ አደረግኩት። ጭሱ ሲጠፋ እንዴት ደስ እንዳለሽ! ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ሸምሱ በመጨረሻ ሠራት አልሽ። ቅንጬ በቅቤ ሠርተሽ አበላሽኝ፤ እኔም ቁጭ ብዬ በላሁ።

ከዚያ ቀይዋ መብራት መጣች። አየር ጤና ገበያ ስንሄድ ከመሪው ፊት ለፊት ብልጭ ስትል አይተሽ፣ ይቺ ቀይ መብራት ምንድናት አልሽኝ። ምንም አይደለችም፣ ልማዷ ነው አልኩሽ። በሳምንቱ ደግመሽ ጠየቅሽኝ፤ ተቆጣሁ። ሦስተኛ ጊዜ ቀስ ብለሽ፣ መብራቷ እኮ አሁንስ አልጠፋ አለች አልሽኝ። ያን ዕለት ቤት እንደገባን ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከሞተሩ ጎን የምትሰካውን የመብራቷን ሽቦ ነቅዬ ጫፏን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኳት። በማግስቱ መብራቷ ጠፍታ ስታዪ ተሠራች እንዴ አልሽኝ፤ አዎ አልኩሽ። አመሰገንሽኝ ሙንዬ። ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።

ያን ቀን ክረምት ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት። ትንፋሽሽ ሲያጥር፣ የምትስቢው መድኃኒትም አልሠራ ሲል ሂክማና እኔ ደግፈንሽ ወጣን። ጎረቤታችን ጋሽ ታምሩ፣ አድቬንቲስት ናቸውና፣ ወደ ቸርቻቸው ሊሄዱ መኪናቸውን አስነስተው ነበር። የኋላውን በር ከፍተው፣ ሸምሱ፣ በኔ ትሂድ፣ ሞተሩ ሞቋል አሉኝ። የለም ጋሼ፣ የኔዋ ታደርሰናለች አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ጊዜ ለመቆጠብ አልነበረም። የሰፈራችንን የቀራንዮን መኪና ሁሉ የሚሠራው ሸምሱ ሚስቱን በሰው መኪና ሐኪም ቤት ሲወስድ እንዳይታይ ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቤቴል ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ከሥር አንኳኳ። ያን ድምፅ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ዘይት ያለቀበት ሞተር ድምፅ ነው። አንዴ አንኳኳ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እኔ ምን አደረግኩ? ወርጄ ኮፈን ከፈትኩ። አንቺ ሂክማ ትከሻ ላይ ተደግፈሽ አየር ስትፈልጊ፣ እኔ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ከእንግዲህ ሊነሳ እንደማይችል የማውቀውን ሞተር እነካካ ነበር። እጄ ያንን ብቻ ነው የለመደው። ሂክማ ናት ወርዳ ፀጉሯን ሳትሸፍን መንገዱ መሀል ገብታ ታክሲ ያስቆመችው። ታክሲው ውስጥ የነበሩት ሰዎች አንድም ሳይቀር ዝናቡ ላይ ወረዱልን። ደረስን፤ ግን ሐኪሙ እጅሽን ይዞ ቆየና ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

ወንድምሽ ጀማል በሩጫ መጣ። መኪናው ምን ነካው ብሎ ጠየቀኝ። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው። ናፍጣው አልኩ። ውሃ የገባበት ናፍጣ ነው የቀዱልኝ አልኩ። መካኒክ ስለሆንኩ ማንም ድጋሚ አልጠየቀኝም።

ናፍጣውን የቀዳልኝ ደግሞ ነስሩ ነበር። አዎ፣ ያንቺ ነስሩ። ልጅ ሆኖ እናቱ ሥራ ስትውል እኛ ቤት ምሳውን የሚበላው፣ አድጎ ማደያ ሲቀጠር የመጀመሪያ ደሞዙን ሻርፕ ገዝቶ ያመጣልሽ ነስሩ። ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን እንኳ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ ገብቷል፣ ቶሎ ይምጡ ብሎ የሚደውልልኝ እሱ ነበር።

ከአስር ሶላት በኋላ ጀናዛሽን አንስተን ወደ ኮልፌ መቃብር ስንሄድ ወንዱ ሁሉ ትከሻውን ለመስጠት ይሻማል፣ ታውቂያለሽ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ነስሩ እየሮጠ መጥቶ ትከሻውን ከሥር አስገባ። ጀማል የልብሱን አንገት ይዞ ጎትቶ አወጣው። አንተ አትሸከማትም አለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ነስሩ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ከፊት በኩል ተሸክሜሽ ነበር። መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩት። ሊያስተዛዝነን ለታዕዚያ ሲመጣም ድንኳኑ በር ላይ ሂክማ፣ እናቴን ገድለህ ልታለቅስላት መጣህ ብላ መለሰችው። እኔ ውስጥ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ወሬው በሰፈሩ ቴሌግራም ዞረ፣ ሰው ማደያው ድረስ ሄዶ ጮኸ፣ በወሩ ነስሩ ከሥራው ተሰናበተ። አሁን ከአየር ጤና ቤቴል በሚሠራ ታክሲ ላይ ረዳት ነው።

ፒካፗ ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆመች። ባለፈው ክረምት ሂክማ፣ አባ፣ ወይ ሽጣት ወይ ሥራት፣ በየጠዋቱ እሷን እያየሁ መውጣት አቃተኝ አለችኝ። ልሸጣት ገዢ አመጣሁ። ገዢው መካኒክ ይዞ መጣ፤ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ሲል አንገቱ ወደዚያች ሽቦ ሲዞር አየሁና አይሸጥም ብዬ ዘጋሁት። ሰውየው አበደ እንዴ እያሉ ሄዱ። ጋራዥ እንዳልወስዳት ደግሞ ጓደኞቼ አሉ። ሙንዬ፣ የሞተ ሞተር ሲከፈት ይናገራል። ውስጡ ያሉት ብረቶች ዘይት አጥተው ከተቃጠሉ ይጠቁራሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ውሃ የገባበት ናፍጣ እንዲህ አያደርግም። ያን ያየ መካኒክ ሸምሱ ዋሽቷል ይላል። ስለዚህ ራሴ፣ እቤቴ፣ በሬን ዘግቼ ልሠራት ቆረጥኩ።

ከሱማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። ሻጩ እንዳለ ብትገጥመው ችግር የለውም አለኝ። እንዳለ የሚባል ነገር አልፈለግሁም። ሦስት እንጨት አቁሜ በሰንሰለት የድሮውን ሞተር አወጣሁ፤ አዲሱን ደግሞ መጨረሻዋ ቡሎን ድረስ ፈታሁት። ቶርኖ ቤት ወስጄ አስጠረብኩ፣ ያለቀውን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ፣ ለማንም ሠርቼ በማላውቀው ጥንቃቄ። ሳትለዪን በፊት ብሠራው ኖሮ እያልኩ ነበር እያንዳንዷን የማጠብቀው።

እሁድ እሁድ ሂክማ ታግዘኝ ጀመር። ከመድኃኒት ቤቱ የላስቲክ ጓንት አምጥታ፣ የፈታሁትን በካርቶን ላይ በተራ ትደረድራለች፣ እያንዳንዱ አጠገብ የት እንደነበረ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። አንድ ቡሎን አልጠፋብንም። ካንቺ ወዲህ እንደዚያ ተቀራርበን አናውቅም ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ልጅነትሽ ጠየቀችኝ፣ እንዴት እንደተዋወቅን ጠየቀችኝ፣ ሳቀችም።

ሞተሩን አስገብተን ሽቦዎቹን ስንመልስ እሷ በካርቶኑ መሠረት አንድ በአንድ ታቀብለኛለች። አንዷ ሽቦ ካርቶኑ ላይ የለችም። ጫፏ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ይቺስ የት ነበረች፣ ማን ነው የጠቀለላት አለችኝ።

መኪናውን የሸጠልን ሰው ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት በዚያ ጓንት ናስትሮውን እየላጠች ነው፣ ልክ አንቺ የተጣበቀ ነገር ስትልጪ እንደምታደርጊው ከንፈሯን ነክሳ። ሁሉን ነገርኳት። ማስታገሻውን፣ መብራቷን፣ ናፍጣው ምንም እንዳልነበረው፣ ጋሽ ታምሩን እንቢ ያልኩበትን ምክንያት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ እማ መብራቷን አይታት ነበር? አዎ፣ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች አልኳት።

ጓንቷን አወለቀች። በኦሞ እጇን ታጠበች፣ ብዙ ጊዜ ታጠበች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ነስሩ ጋ ነው የሄደችው። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ ለሰው ሁሉ እንደዋሸኸው ለሰው ሁሉ ንገር አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አለ፣ ውሃ ሄዷል፣ በሩን ዝጋው፤ የምታናግረኝ ይህን ያህል ነው። አልተጣላችኝም ሙንዬ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔም ዓርብ ከሶላት በኋላ ነስሩን አየር ጤና ፌርማታው ላይ አገኘሁት። ታክሲው ወረፋ ይዞ ቆሞ ነበር። የነገርኩትን ሁሉ ሰማኝ፣ በመሀል ሁለቴ ቤቴል ቤቴል ብሎ ተጣራ። ወደ ማደያው ሄጄ እነግርልሃለሁ፣ ሥራህን እንዲመልሱልህ እለምናለሁ አልኩት። ሥራውን ይተዉት ጋሽ ሸምሱ አለኝ፤ ሥራ ይገኛል። ጀናዛዋን ሳልሸከም ቀረሁ፤ እሱን እንዴት አድርገው ይመልሱልኛል? ታክሲው ሞላና በሩን ዘግቶ ሄደ። በማግስቱ ማደያው ሄጄ ተናገርኩ፤ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል አሉኝ። ጀማልም ሰምቷል። ስልኬን አያነሳም።

ጋሽ ታምሩንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። እኔ እኮ በሩን ከፍቼ ቆሜ ነበር ልጄ አሉኝ፤ ደግመው፣ በሩን ከፍቼ ነበር አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሞተሩን ብቻዬን ጨረስኩት። የሞተሩ ቁጥር ስለተቀየረ ሊብሬው ላይ ለማስመዝገብ ቢሮ ስሄድ፣ የተቀየረበት ምክንያት የሚል ባዶ መስመር ያለው ቅጽ ሰጡኝ። ብዙ ቆሜ አየሁት። በባለቤቱ ቸልተኝነት ያለ ዘይት ተነድቶ ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን የሰጠችኝ ልጅ አንብባ፣ ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሟን መታች። እውነቱን በጽሑፍ ያሰፈርኩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ነው።

የድሮው ሞተር ጓሮ ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጧል። ለቁራጭ ብረት ገዢ አልሰጠሁትም። ናፍጣው ነው ብሎ ዛሬም የሚያምን መካኒክ ካለ ይምጣና ይየው፣ ሸራ አላለበስኩትም።

ያቺን ሽቦ በቦታዋ ሰክቻታለሁ። መጀመሪያ ያስነሳሁ ዕለት ሂክማ መስኮቱ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ጭስ የለውም፣ ድምፁ ጸጥ ያለ ነው። ወደ መስኮቱ ዞር ስል መጋረጃውን ዘጋችው። ጠዋት ጠዋት አሁንም በታክሲ ነው የምትሄደው፤ አንዳንዴም በነስሩ ታክሲ። ፒካፗ ውስጥ ግቢ ብዬ አልጠየቅኋትም፣ አልጠይቃትምም። ራሷ በሩን የከፈተች ቀን ትገባለች፤ ባትከፍተውም መብቷ ነው።

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። አውፍ የምትይበት አንደበት የለሽም፤ ሌሎቹም ሳይሉኝ ቀድሜ ካንቺ ልጠይቅ አልደፍርም። ቃል የምገባልሽ ግን አለ። በየጠዋቱ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ አዞራለሁ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ ደህና መሆኗ የሚታወቀው እንዲያ ነው። እዚያው እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ አንቺ የምትቀመጪበትን ወንበር አያለሁ፣ ጥያቄሽን በድምፅሽ እሰማለሁ፣ ከዚያ ነው የማስነሳው። እድሜዬን ሙሉ ይህን ሳላደርግ ከዚህ ግቢ አልወጣም።

ይቺ ቀይ መብራት ምንድናት ብለሽ ነበር። የዘይት ናት ሙንዬ። ስትበራ ወዲያው መቆም ነው።

ሸምሱ